በሦስት ቀን ባለሙያ ለምታደርጉን ማሠልጠኛዎች

ለ፦ የጥፍር ሥራ ማሠልጠኛ ባለቤቶችና አሠልጣኞች፣ በያላችሁበት
ጉዳዩ፦ ማስታወቂያችሁ ላይ ስለማይጻፉ ነገሮች
ግልባጭ፦ ለኮርስ ገንዘብ እያጠራቀማችሁ ላላችሁ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ጥፍር መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ይሄ ቀለም ያምርብኛል?» ከሚለው ቀጥሎ በብዛት የተጠየቅኩት «አንቺ የት ተማርሽ? እኔም መማር እፈልጋለሁ» የሚለውን ነው። የሚጠይቁኝ ደግሞ እጃቸውን ይዤ እያለ ነው። ማምለጫ የለኝም። ድሮ የሆነ ስም ጠርቼ እገላገል ነበር። የጠራሁት ስም ያመጣውን ጣጣ ካየሁ በኋላ ግን አፌን ሰብሰብ አድርጌያለሁ። አሁን ሄደው ምን ብለው እንደሚጠይቁ ነው የምነግራቸው። እነሱም ሄደው ይጠይቃሉ። ብዙዎቻችሁ ግን «ስትመዘገቢ ይነገርሻል» ብላችሁ ትመልሷቸዋላችሁ። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ራሴ በአደባባይ ላምጣቸው ብያለሁ።

ማስታወቂያዎቻችሁን አያለሁ። አንዱን ያየ ሁሉንም አየ። ረጅም የአልሞንድ ቅርጽ ጥፍር፣ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ፣ ከሥሩ «በ3 ቀን ባለሙያ ይሁኑ»፣ «ሰርተፍኬት እንሰጣለን»፣ «ኪት በነፃ»። አንድ አሠልጣኝ ለስንት ተማሪ እንደሆነች የሚናገር የለም። በስንት የሰው እጅ ላይ እንደምንለማመድ የሚናገር የለም። የተሠራው ጥፍር እንዴት እንደሚወልቅማ ጭራሽ አይነሳም።

እኔም የሦስት ቀን ምሩቅ ነኝ። ተማሪዎቹ ሃያ ሁለት ነበርን፤ አሠልጣኟ አንድ። የተለማመድነው በፕላስቲክ እጅ ላይ ነው። የፕላስቲክ እጅ ጸባዩ ሸጋ ነው። አያልበውም፣ አይንቀጠቀጥም፣ መሀል ላይ ስልክ አያነሳም፣ ሲያመው «ኧረ በሕግ!» አይልም። ጥፍሩን በጥርሱ የበላ የፕላስቲክ እጅም እስካሁን አልገጠመኝም። በሦስተኛው ቀን ሰርተፍኬቴን ይዤ ፎቶ ተነሳሁ። ፎቶው አሁንም አለኝ። ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጠጉሬ ደስታ ነበርኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዲት ሴት ሌላ ቦታ የተሠራችውን ጄል፣ ማለትም መብራት ውስጥ ገብቶ የሚጠነክረውን የጥፍር ሽፋን፣ ላስወልቅ ብላ መጣች። ማውለቅ አልተማርኩም። ኮርሱ ላይ የፕላስቲኩን ጥፍር ነቅለን በአዲስ ነበር የምንተካው። «አልችልም» ማለት ደግሞ አሳፈረኝ። ትንሽ የተላቀቀ ጠርዝ ፈለግኩና በብረቱ ከሥሩ ገብቼ ፈነቀልኩት። ከጄሉ ጋር የራሷ ጥፍር ላይኛው ንጣፍም ተልጦ መጣ። ሴትዮዋ አልጮኸችም። እጇን ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሰበሰበች፣ ከፈለች፣ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ከሥሩ ተነስቶ ጫፍ እስኪደርስ ስድስት ወር ያህል ይፈጃል። ያቺ ሴት የእኔን የአምስት ደቂቃ ሥራ ግማሽ ዓመት ይዛው ዞራለች ማለት ነው። የእግር ጥፍር ቢሆን ኖሮ ዓመት፣ ምናልባትም ዓመት ከመንፈቅ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ማውለቅ ታስተምራላችሁ ወይ? «አሴቶን ውስጥ መንከር ነው» ካላችሁኝ አልመለሳችሁልኝም። አክሪሊክም (ዱቄትና ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚሠራው ጥፍር) ሆነ በአሴቶን የሚለቅ ጄል መጀመሪያ ላዩ ይሞረዳል፤ ከዚያ ጥጥና ፎይል ተጠቅልሎበት ጊዜ ይሰጠዋል። ካልለቀቀ ይታከላል እንጂ አይፈነቀልም። ሃርድ ጄል የሚባለው ግን አሴቶን ውስጥ ቢያድርም አይሟሟም። እሱ በሞረድ ወይም በሚሽከረከር የጥፍር ማሽን እየተቀነሰ መጥቶ የራስ ጥፍር ከመነካቱ በፊት መቆም አለበት። የት ላይ እንደሚቆም በቪዲዮ አይማሩትም። እጅ ነው የሚያውቀው፤ እጅን ደግሞ ሌላ እጅ ይዞ ካላሳየው አይገባውም።

የተማሪ ቁጥር ጉዳይ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። የጥፍር ማሽን ጫፉ ትንሽ ዘንበል ካለ በኩቲክሉ፣ ጥፍሩ ሥር ባለው ስስ ቆዳ፣ ዙሪያ ቀይ ግማሽ ክብ ይቆፍራል። የእሳት ቀለበት ይሉታል፤ ስሙ እንደሚያስፈራው ያማል። ከኩቲክሉ ወደ ውስጥ ደግሞ ጥፍሩን የሚያመርተው ሥር አለ፤ ማትሪክስ ይባላል። እሱ ክፉኛ ከተጎዳ ጥፍሩ ዕድሜ ልኩን ተጣሞ ወይም ተሰንጥቆ ሊያድግ ይችላል። ሃያ ሁለት ማሽን ባንዴ ሲያጉረመርም አንዲት አሠልጣኝ የማንን አንጓ ይዛ ታቃናለች? አንድ ለስድስት ብትሉኝ እስማማለሁ። አንድ ለስምንት ብትሉኝ ዝም እላለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ የከፈለችው የሌላ ሰው ጀርባ ለማየት ነው።

ሰዓቱንም እንነጋገር። አሜሪካ ውስጥ የጥፍር ሥራ ፈቃድ ለማግኘት የሚጠየቀው የሥልጠና ሰዓት እንደየግዛቱ ይለያያል። ኒውዮርክ 250 ሰዓት ትላለች፣ ካሊፎርኒያ 400፣ ቴክሳስ 600፣ አላባማ 750። እርስ በርሳቸው እንኳ አልተስማሙም። ስለዚህ ትክክለኛው ይሄ ነው ልላችሁ አልችልም። ግን የእናንተ ሦስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት ቢታሰብ፣ 24 ሰዓት ነው። ከጠቀስኳቸው ዝቅተኛው ጋር ሲነጻጸር እንኳ አንድ አሥረኛ አይሞላም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ? በእኛ ሥራ የሚፈታው በሦስተኛው ሳምንት ነው።

በተሠራበት ቀን የማያምር ጥፍር የለም። መብራት ሲበራለትማ ሁሉም ያበራል። ሥራው የሚፈተነው ጥፍሩ አድጎ ክብደቱ ወደ ጫፍ ሲሄድ ነው፤ ዕቃ ሲታጠብበት፣ ጠጉር ሲታሰርበት፣ ዚፕ ሲዘጋበት። ሲዘጋጅ ስስ ቆዳ ጥፍሩ ላይ ቀርቶ ከነበረ ጠርዙ መነሳት ይጀምራል። ከተነሳው ሥር እርጥበት ይገባል። እዚያ እርጥበት ውስጥ ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ይራባና ጥፍሩን አረንጓዴ ያደርገዋል። ብዙ ሰው «ሻጋታ ነው» ይላል፤ ሻጋታ አይደለም። እባካችሁ የተማሪዎቻችሁን ሥራ ስትለጥፉ ሦስት ሳምንት የቆየውንም ፎቶ ለጥፉልን። አንድ ማሠልጠኛ እንዲህ ቢያደርግ እኔ ራሴ ነፃ ማስታወቂያ እሠራለታለሁ።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ኬሚካሉ።

አብራኝ የተማረች አንዲት ልጅ ነበረች። ብሩሽ ስትይዝ የያዝነውን ትተን እሷን ነበር የምናየው። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት የጣቶቿ ጫፍ ያሳክካት ጀመር። ከዚያ ተላጠ፣ ተሰነጠቀ፣ ቁልፍ መክፈት አቃታት። ሐኪም የአለርጂ ምርመራ አዘዘላትና ጄልና አክሪሊክ የሚሠሩበትን አክሪሌት የተባለ ኬሚካል ሰውነቷ እንደማይቀበል ታወቀ። ሥራውን ተወች። እኛ ኮርሱ ላይ አክሪሌት የሚለውን ቃል አንድም ቀን አልሰማንም። የተባልነው «ቆዳ ከነካ ጥረጊው» ብቻ ነው። ለምን እንደሚጠረግ ማንም አልነገረን። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ደግሞ ሲቸኩል የሚተወው መጀመሪያ ያንን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጄል መብራት ውስጥ ገብቶ በደንብ ሲጠነክር ትንንሾቹ ሞለኪውሎች ተያይዘው ጠጣር ነገር ይሆናሉ። ያልጠነከረው ወይም በግማሽ የጠነከረው ግን ቆዳ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ደጋግሞ ከነካ ሰውነት አንድ ቀን ማመፅ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ አለርጂው አብሮ ይኖራል። በጥፍር ብቻ ቢቆም ደግ ነበር። የጥርስ መሙያ፣ መገጣጠሚያ ሲቀየር አጥንት የሚያያዝበት ሲሚንቶ፣ የስኳር ሕሙማን ቆዳቸው ላይ የሚለጥፏቸው መለኪያዎች ማጣበቂያ ውስጥም የዚሁ ቤተሰብ ኬሚካሎች ይገኛሉ። በሃያ ዓመቷ ጥፍር ላይ ያገኘችው አለርጂ በስድሳ ዓመቷ ቀዶ ሕክምና ላይ ሊጠብቃት ይችላል።

የአውሮፓ ኅብረት ሄማ የተባለውን አክሪሌት የያዙ የጥፍር ምርቶች «ለባለሙያ ብቻ» ተብለው እንዲሸጡ ያዘዘው በዚህ የተነሳ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ። ጄል መብራት ሲያገኝ እንዲጠነክር የሚያደርገውን ቲፒኦ የተባለ ንጥረ ነገር ደግሞ ለመራባት ጤና ያሰጋል በሚል እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ከመዋቢያዎች አግዶታል። ግን እኮ ባለሙያዋ ራሷ ሄማ የሚባል ነገር መኖሩን ካልሰማች «ለባለሙያ ብቻ» የሚለው ጽሑፍ ለማን ነው የተጻፈው? «ከሄማ ነፃ» የሚል ጠርሙስ እያሳያችሁ «ይሄ ምንም አያደርግም» የምትሉም አላችሁ። ከሄማ ነፃ ማለት ከአክሪሌት ሁሉ ነፃ ማለት እንዳልሆነ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የማስበው።

አክሪሊክም የራሱ ታሪክ አለው። ከጥርስ ሕክምና የመጣ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ፈሳሹ ኤምኤምኤ የሚባል ኬሚካል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጥፍራቸው ከተጎዳና ቆዳቸው ከተቆጣ ሰዎች አቤቱታ ደረሰው፤ መቶ በመቶ ኤምኤምኤ የሆኑ ምርቶችንም ከገበያ አስወጣ። አሁን የተሻለ ተብሎ የሚሠራበት ኢኤምኤ የሚባለው ዘመዱ ነው። ኤምኤምኤ ግን ርካሽ ስለሆነ ስም በሌለው ጠርሙስ ዛሬም ይዞራል። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ አሴቶንም ቶሎ አይረታውም። ከመጠን በላይ ስለሚጠነክር ጥፍርሽ በር ቢይዘው እሱ አይሰበርም፤ የራስሽን ጥፍር ነቅሎ ይሄዳል።

እና ያ በነፃ የምትሰጡት ኪት ውስጥ ያለው ጠርሙስ ላይ ምን ተጽፏል? ጽሑፍስ አለው? አብሮት ያለው መብራት ከጄሉ ጋር ይስማማል? ዋት መቁጠር ብቻ አይበቃም። መብራቱ የሚያወጣው የብርሃን ዓይነት ጄሉ የተዘጋጀለት መሆን አለበት። ካልሆነ ላዩ ጠንክሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ልጅቷም ደንበኛዋም አያውቁትም። ጓንትም ቢሆን ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። አክሪሌት ናይትራይል የሚባለውን ስስ ጓንት በደቂቃዎች ውስጥ አልፎ ሊገባ ስለሚችል ጄል የነካው ጓንት ወዲያው ይቀየራል። የሐኪም ማስክ ደግሞ ትነትን አያቆምም። ክፍላችሁ መስኮትና አየር መሳቢያ ከሌለው ተማሪዋ የምትማረው እዚያው አየር ውስጥ መሥራትን ነው፤ ነገ የራሷን ስትከፍትም ያየችውን ታደርጋለች።

ንጽሕናን በተመለከተ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ለተማሪዎቻችሁም ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከመቶ በላይ የአንድ ጥፍር ቤት ደንበኞች እግራቸው ላይ እባጭ ወጣባቸው። ምንጩ ሲፈለግ የእግር መዘፍዘፊያ ገንዳዎቹ ሆነው ተገኙ። ከውሃ መሳቢያው መረብ ጀርባ ጠጉርና ቆሻሻ ተጠራቅሞ ባክቴሪያው እዚያ ተመቻችቶ ይኖር ነበር። ከመምጣታቸው በፊት እግራቸውን በምላጭ የተላጩት ይበልጥ ተጠቅተዋል። እኔ ይህን ያወቅኩት ሥራ ከጀመርኩ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ያን ቀን የራሴን ገንዳ መረብ ፈትቼ ያየሁትን አልነግራችሁም።

ማጠብ፣ በመድኃኒት መዘፍዘፍና በአውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት በሚሠራ ማሽን) ማምከን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰማያዊ መብራት ያላት ቆንጆ ሳጥን አታመክንም። የወረቀት ሞረድ ለአንድ ሰው ነው፤ ከዚያ ይጣላል። አሠልጣኟ ራሷ አንዱን ሞረድ ከሞዴል ሞዴል እያዞረች የምትሠራ ከሆነ ግን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው መመሪያ ለጌጥ ነው።

ሌላ ደግሞ አለ። ኮርሶች ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራሉ። መቼ እንደማይሠራ የሚያስተምር ግን ብዙም አላየሁም። ቦብ ማርሊን የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ የሚባለው ካንሰር ተገኘበት፤ መጀመሪያ የኳስ ጉዳት ነበር የመሰለው። በ1981 አረፈ፤ ገና 36 ዓመቱ ነበር። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ጥፍር ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር መስመር መውጣቱ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ጉዳት የለውም። አንድ ጣት ላይ ብቻ በቅርብ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ ወይም ቀለሙ ወደ ቆዳው የተሻገረ መስመር ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ተማሪዋ ይህን የምትለየው የጥቁር ሰው እጅ ፎቶ አይታ ነው። የእኔ የኮርስ ደብተር ውስጥ የነበሩት እጆች በሙሉ ነጭ ነበሩ። እኛ በሽታ አንመረምርም፤ ሥራችንም አይደለም። ሳናውቅ ግን በሁለት ዙር ቀለም ልንሸፍነው እንችላለን።

ስለ ሰርተፍኬት ብዙ አልልም። የወረቀቱ ማማር ሳይሆን ፈቃድ የሚሰጠው አካል ይቀበለዋል ወይ ነው ጥያቄው። ከመክፈል በፊት ያንን አካል መጠየቅ ይቻላል፤ የአንድ ቀን ጣጣ ነው። በኢንተርኔት የሚሰጥ ኮርስም ለንድፈ ሐሳብና ለዲዛይን አይከፋም። የማሽን ግፊት ግን በስክሪን አይታይም።

ከምረቃ በኋላ ስላለው ነገር ግን አንድ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1975 ከቬትናም የተሰደዱ ሴቶች ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ መጠለያ ነበሩ። ተዋናይቷ ቲፒ ሄድረን ልትጎበኛቸው ስትሄድ ሴቶቹ ጥፍሯን እያዩ አደነቁ። እሷም የራሷን ጥፍር ሠሪ አምጥታ ሃያ ሴቶችን አስተማረች። ነገሩ በዚያ አላበቃም። የውበት ትምህርት ቤት አስገባቻቸው፤ ሲመረቁ ደግሞ ሥራ በማፈላለግ ረዳቻቸው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ይህ ሙያ በብዛት በቬትናም ተወላጆች እጅ ነው። እናንተ ጋ የተመረቀች ልጅ ከሁለት ወር በኋላ የሠራችው ጥፍር እየተነሳ ሲያስቸግራት ብትደውል ማን ያነሳላታል? እኔ ደውዬ ነበር። «አዲስ ዙር ላይ መመዝገብ ትችያለሽ» ተባልኩ።

ልክ ነው፣ የእናንተም ችግር ይገባኛል። ሁለት ጊዜ አስተምሬ አውቃለሁ። ስለ ባክቴሪያ ሳወራ ግማሾቹ ስልካቸውን ይጎረጉሩ ነበር፤ አንዷ እንቅልፍ ወስዷታል። «ዲዛይኑን መቼ ነው የምንጀምረው?» የሚለውን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማሁ አትጠይቁኝ። ረጅም ኮርስ ብታወጡ ጎረቤታችሁ በሦስት ቀን ብሎ ተማሪውን እንደሚወስድባችሁም አውቃለሁ። የምጠይቃችሁ ነገር ግን ወጪ የለውም። ማስታወቂያው ላይ፣ ከዚያ ከሚያብረቀርቀው ጥፍር ሥር፣ ጥቂት መስመር ጨምሩ። ስንት ሰዓት፣ ተማሪ ስንት ለአንድ አሠልጣኝ፣ ስንት የሰው እጅ ላይ ልምምድ፣ ማውለቅ አለ ወይስ የለም፣ ኪቱ ውስጥ ያለው ምርት ምንድን ነው፣ ከምረቃ በኋላ ስልክ የሚያነሳው ማን ነው።

ግልባጭ የደረሳችሁ እህትና ወንድሞቼ፣ እናንተ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ግማሽ ቀን ተቀምጣችሁ ለማየት ፈቃድ ጠይቁ። ከከለከሏችሁ መልሱን አገኛችሁ። ስትገቡ የተሰቀሉትን ፎቶዎች ተዉአቸው፤ ጠረጴዛውን እዩ። ፈሳሹ ክዳን አለው? አቧራው የት ይሄዳል? ሞዴሎቹ ሰው ናቸው? ባለፈው ሳምንት የተመረቀችውን አትጠይቁ፤ እሷ ገና ፎቶዋን እያየች ነው። ዓመት የሞላትን ፈልጉና አሁን እየሠራች እንደሆነ ጠይቋት። እየሠራች ካልሆነ እጇን እዩ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሐሙስ ዕለት ወንበሬ ላይ ተቀምጣ «የት ልማር?» ላለችኝ ልጅ መልስ ስላጣሁ ነው። ገንዘቡን አጠራቅማለች፤ ሥራዋንም ልትለቅ ተዘጋጅታለች። ጄሏን ለማስሞላት ከሦስት ሳምንት በኋላ ትመለሳለች። እስከዚያ አንዳችሁ ብትመልሱልኝ ስማችሁን እጠራላታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከእናንተው የተማረች አንዲት ጥፍር ሠሪ